አንደበት ሲያዝ ቃሉ የማን ነው?



አንድ ሰው አእምሮው በቦታው እያለ ንግግሩ ብቻ ቢሄድበት፣ በራሱ ጉዳይ የመወሰን ሐቁ አብሮ ይሄዳል ወይ? ስለ ገንዘቡ፣ ስለ ልጆቹ ኒካሕ፣ ስለ ወሲያው ከዚያች ቀን በኋላ ማን ይናገራል? የሚናገርለትስ ሰው የሚናገረው የታማሚውን ቃል ነው ወይስ የራሱን? ይህ የፊቅህ ተማሪዎች ብቻ የሚከራከሩበት ጥያቄ ሊመስላችሁ ይችላል። ነገር ግን በየሰፈራችን በሩ ገርበብ ብሎ፣ አልጋው ወደ ግድግዳ ተጠግቶ የተቀመጠበት ቤት አለ። ጥያቄው ያለው እዚያ ነው።

ነገሩ የሚመጣው እንዲህ ነው። በቢቸናም ይሁን በሞጣ፣ ማታ ከዒሻ በኋላ ከጎረቤቱ ጋር ሲጫወት ያመሸ አባት ጧት ለሱብሒ ልነሳ ሲል ቀኝ እጁና ቀኝ እግሩ አልታዘዝ ይሉታል። ባለቤቱን ሊጠራ ይፈልጋል፤ ስሟ ግን አይመጣለትም። የሚወጣው ድምፅ ብቻ ነው፤ ወይም ያላሰበው ሌላ ቃል ነው። ሰፈርተኛው ይሰበሰባል። አንዱ "ምች ነው" ይላል፤ ሌላው "የሰው ዓይን ነው" ይላል፤ ሦስተኛው "ጂን ነው የመታው" ብሎ ይቆርጣል። ሐኪም ቤት ሲደርሱ የሚሰጠው ስም ስትሮክ ነው። ወደ አንጎል የሚሄደው ደም ተቋርጧል፣ ወይም በአንጎል ውስጥ የደም ሥር ፈንድቶ ደም ፈሷል ማለት ነው። ከመንስዔዎቹ ዋነኛው ሳይታወቅና ሳይታከም ለዓመታት የቆየ የደም ግፊት ነው። ንግግርን የሚያዘው የአንጎል ክፍል በአብዛኛው ሰው በግራ በኩል ስለሆነ፣ የግራ አንጎል ደግሞ ቀኙን አካል ስለሚያዝ፣ የቀኝ ጎን መስነፍና የቋንቋ መጥፋት ብዙ ጊዜ አብረው ይመጣሉ። ስትሮክ ከሚይዛቸው ሰዎች ከሦስቱ አንዱ ያህል ይህ የቋንቋ ችግር ያገኘዋል። ሐኪሞች አፌዢያ ይሉታል።

ቁርአን አስቀርቶ ሩቅያ ማድረግ ከሱንና ነው፤ ማንም አይከለክለውም። መድኃኒት ፈልጉ ያሉትም እኚያው ነቢይ (ሰ.ዐ.ወ.) ናቸው። ስትሮክ በሰዓት የሚቆጠር በሽታ ነው፤ ሩቅያው በመኪና ውስጥም ይቀራል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። አፌዢያ ምን እንደሚወስድና ምን እንደሚተው ካላወቅን በሰው ላይ በደል እንሠራለን።

እ.ኤ.አ. በ1861 ፖል ብሮካ የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም በፓሪስ አቅራቢያ በነበረ ሆስፒታል አንድ ሕመምተኛ አገኘ። ሰውየው እዚያ ሃያ ዓመት ያህል ኖሯል። ከአፉ የሚወጣው "ታን" የሚል አንድ ድምፅ ብቻ ነበር፤ ስለዚህ ሰዎች ስሙን ትተው "ታን" ይሉት ነበር። የሚነገረውን ግን ይረዳ ነበር። ሲሞት ብሮካ አንጎሉን መርምሮ በግራ በኩል ከፊት ያለው ክፍል ተጎድቶ አገኘው። ከ13 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1874፣ ካርል ቬርኒከ የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም ሌላ ዓይነት አሳየ። የእነዚህኞቹ ንግግር እንደ ወንዝ ይፈስሳል፤ ቃሉ ግን ትርጉም አይሰጥም፣ የሚነገራቸውንም በሚገባ አይረዱም። በሁለቱ መካከል ብዙ ዓይነት አለ። እዚህ ላይ ሁለት ነገር እንያዝ። አንደኛ፣ የተጎዳው ምላስ አይደለም። ምላሱ ይበላል፣ ይጠጣል፤ የጠፋው ሐሳብን ወደ ቃል የሚያደርሰው መንገድ ነው። ስለዚህም "መናገር ካቃተህ ጻፈው" ብሎ እስክሪብቶ መስጠት ብዙ ጊዜ አይሠራም፤ ጽሕፈትም የሚሄደው በዚያው በተዘጋው መንገድ ነውና። ሁለተኛ፣ የጠፋው ቋንቋ እንጂ ማስተዋል አይደለም። ልጁን ያውቃል፣ ዕዳውን ያውቃል፣ ማን እንደናቀው ያውቃል።

ቤተሰብን ግራ ከሚያጋቡት ነገሮች አንዱ ይህ ነው። "ውሃ" ማለት ያቃተው አባት ፋቲሐን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ይቀራል። ከአንድ እስከ አሥር ይቆጥራል። ሲናደድ "ወላሂ" ይላል፤ አንዳንዴም ዕድሜ ልኩን ተናግሮት የማያውቅ ስድብ ያመልጠዋል። በዚህ ጊዜ ቤቱ በሁለት ይከፈላል። ከፊሉ "ያው ይናገር የለም እንዴ፣ እኛን ለማስቸገር ነው" ይላል፤ ከፊሉ "ጂኑ ነው የሚናገረው" ይላል። ሁለቱም ስተዋል። በልብ የተያዘና ሺህ ጊዜ የተደጋገመ ቃል ከአዲስ ንግግር በተለየ መንገድ እንደሚወጣ ሐኪሞች ከመቶ ዓመት በላይ ያውቁታል። ልጆችን የሚያስቀራ ሰው ደግሞ ያለ ሐኪም ያውቀዋል። ፋቲሐን እንደ ውሃ የሚጠጣውን ሕፃን ድንገት "አምስተኛው አያ ምንድን ነው?" ብላችሁ ጠይቁት። ዓይኑን ጣራ ላይ ተክሎ፣ በለሆሳስ ከመጀመሪያው ተነሥቶ ነው የሚደርስበት። ቃሎቹ ተያይዘው አንድ ገመድ ሆነዋል፤ ከመካከል ነጥሎ ማውጣት ሌላ ሥራ ነው። ታማሚው አባትም ፋቲሐ የቀረለት ገመዱ ስላልተበጠሰ ነው። "ውሃ" ግን ለብቻው ተነጥሎ መምጣት ያለበት ቃል ነው። ሳያስበው ባመለጠው ስድብም ሆነ መሐላ ሰውን መያዝ ተገቢ አይደለም።

የእኛ ቋንቋ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። በአማርኛ "አልሰጠችኝም" ስንል ሰጪዋ ሴት መሆኗ፣ ተቀባዩ እኔ መሆኔ፣ ነገሩም አለመሆኑ በአንድ ቃል ተጠቅልሏል። የአማርኛ ዘመድ በሆነው በዕብራይስጥ ተናጋሪዎች ላይ የተደረጉ ጥናቶች እንዳሳዩት፣ እንዲህ ባሉ ቋንቋዎች አንዳንዱ ታማሚ የቃሉን ቅጥያ ጥሎ ሥሩን ብቻ አይናገርም፤ ሥሩ ለብቻው የማይነገር ስለሆነ አንዱን ቅጥያ በሌላው ይተካዋል። እንግዲህ በእኛ ቤት ይህ ምን ይመስል እንደሆነ አስቡት። አባት "መጣ" ሊሉ ፈልገው "መጣች" ይላሉ፤ ልጆቹም "ማን እንደመጣ እንኳ አያውቁም፣ አእምሯቸው ሄዷል" ብለው ይደመድማሉ። የተከበሩ ሼህ ሊጠይቋቸው መጥተው "እርስዎ" በማለት ፈንታ "አንቺ" ቢሏቸው፣ ቤቱ በኀፍረት ይሸማቀቃል፤ ከዚያ ወዲያም እንግዳ እንዳይገባባቸው ይደረጋል። የቅጥያ መዛባት ነበር እኮ!

ከአካባቢያችን የማውቀውን አንድ ቤት ልጥቀስ፤ ስምና ሰፈር አልጠራም። ጨርቅ በመነገድ የኖሩ አዛውንት በዚህ በሽታ ተይዘው፣ ከንግግራቸው ሁሉ "እሺ" የምትል አንዲት ቃል ብቻ ቀረችላቸው። ለሕክምና ወደ ባሕር ዳር መመላለስ ነበረ፤ ገንዘብ አለቀ። የበኩር ልጃቸው ሱቁ ይሸጥ አለ። ሰው እንዳያማውም ሽማግሌዎች ይዞ ወደ አልጋው ቀረበና "አባባ፣ ሱቁን እንሽጠው ወይ?" ሲል ጠየቃቸው። "እሺ" አሉ። ሽማግሌዎቹ ሰሙ፤ ውል ተጻፈ፤ ምስክር ፈረመ። እሳቸው ግን በግራ እጃቸው አልጋውን እየመቱ "እሺ፣ እሺ፣ እሺ" ይሉ ነበር። "ሕመሙ ነው የሚያናድዳቸው" ተባለ። ከሳምንታት በኋላ ታናሺቱ ሴት ልጃቸው ሾርባ ስታጠጣቸው ነገሩ ገረማትና "አባባ፣ ረመዷን ዐሥር ቀን ነው አይደል?" አለቻቸው። "እሺ" አሉ፤ ራሳቸውን ግን በኃይል ነቀነቁ፤ ፊታቸውም ሳቀ። ያን ጊዜ ነው "እሺ" ማለታቸው ፈቃድ እንዳልሆነ የገባት። ለ"አዎ"ም፣ ለ"አይሆንም"ም፣ ለ"ተዉኝ"ም የቀረቻቸው ቃል እርሷ ብቻ ነበረች።

ልጁ ሌባ አልነበረም። ገንዘቡን ለአባቱ ሕክምና አውሎታል። ምናልባትም አዛውንቱ መልስ በሚሰጡበት መንገድ ቢጠየቁ ኖሮ "ይሸጥ" ይሉ ነበር፤ ወይም "ሱቁን ተዉት፣ ከብቱን ሽጡ" ይሉ ነበር። ነገሩን ከባድ የሚያደርገው ይህ ነው። በክፉ ልብ የሚሠራ በደል ይታወቃል፤ ሰውም ያወግዘዋል። በበጎ ልብ ሰውን ከራሱ ጉዳይ ማስወጣት ግን ምስጋና እያገኘ ይኖራል።

ይኸው ጥያቄ አንድ ጊዜ አገርን ሁሉ ይዞ ነበር። ዐፄ ምኒልክ ሕመማቸው እየጠና ሲሄድ በግንቦት 1901 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱን አልጋ ወራሽ አደረጉ። በ1902 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ከባድ ስትሮክ መታቸውና አካላቸውን ሽባ አደረገ፤ አንደበታቸውንም ያዘው። ከዚያ በኋላ እስከ ታኅሣሥ 1906 ዓ.ም. አራት ዓመት ያህል በሕይወት ኖሩ። እቴጌ ጣይቱ በስማቸው ይሾሙና ይሽሩ ጀመር፤ መኳንንቱ ተቆጡ፤ በመጋቢት 1902 ዓ.ም. እቴጌይቱን ከመንግሥት ሥራ አስወጥተው ሥልጣኑን ለእንደራሴው ለራስ ቢትወደድ ተሰማ ናደው አጸኑ። የታሪክ መጻሕፍት ይህን ሁሉ ይነግሩናል። የሚነግሩን ግን በአልጋው ዙሪያ ስለነበረው ሽኩቻ ነው፤ የተኙት ሰው ራሳቸው ምን ይሉ እንደነበር ያነበብኩበት ቦታ የለም። ለንጉሠ ነገሥት እንዲህ ከሆነ ለጨርቅ ነጋዴ ምን ይገርማል?

ሃይማኖታችን ስለዚህ ምን ይላል? ብዙ ይላል፤ እኛ በዚህ ዓይን አላነበብነውም እንጂ። በሱረቱ መርየምና በሱረቱ አሊ ዒምራን የተነገረውን የነቢዩ ዘከሪያን (ዐ.ሰ.) ታሪክ አስታውሱ። በእርጅናቸው ልጅ እንደሚወልዱ ሲበሰሩ፣ ምልክቱ ሦስት ቀን ሰውን ማነጋገር አለመቻላቸው ሆነ። በሽታ አልነበረባቸውም፤ ቃል ግን ተከልክለዋል። ታዲያ ከመሕራብ ወጥተው ዝም ብለው አልተቀመጡም። ሕዝባቸውን በምልክት ጧትና ማታ አላህን አወድሱ አሏቸው። ነቢይነታቸው በአንደበታቸው መያዝ ለሦስት ቀን አልተቋረጠም። ደግሞም በዚያው ጊዜ ጌታቸውን በብዛት እንዲያወሱ ታዘዋል፤ ከሰው ጋር መነጋገር ያቃተው ሰው ከአላህ ጋር ያለው ነገር እንዳልተዘጋ ያሳያል። እመቤታችን መርየምም የዝምታ ስለት ይዘው ሳለ ሕዝባቸው ሲከሳቸው መልስ የሰጡት ወደ ሕፃኑ በመጠቆም ነው።

ከሁሉ ይበልጥ ልቤን የሚነካው ግን በቡኻሪ የተዘገበው፣ አነስ (ረ.ዐ.) ያስተላለፉት የመዲናዋ ልጅ ነገር ነው። አንድ ሰው ጌጧን ሊዘርፍ ራሷን በድንጋይ ጨፍልቆ ጥሏታል። ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሲያመጧት በመጨረሻ ትንፋሿ ላይ ነበረች፤ መናገር አቅቷታል። እርሳቸው "መናገር አትችልም" ብለው አልተዉአትም። ስም እየጠሩ እገሌ ነው ወይ ብለው ጠየቋት፤ በራሷ አይደለም አለች። ሌላ ስም ጠሩ፤ አሁንም አይደለም አለች። የገዳዩ ስም ሲጠራ በራሷ አዎ አለች። ሰውየውም ተይዞ አመነ። ልብ በሉ፤ "ማን ነው?" ብሎ መጠየቅ ስም እንድታወጣ ማስገደድ ነበር። በራስ ንቅናቄ ሊመለስ የሚችል ጥያቄ ነው ያቀረቡላት። የመናገሩን ሸክም ከእርሷ ላይ አንሥተው ወደ ራሳቸው ወሰዱት። ዛሬ በትላልቅ ሆስፒታሎች ለቤተሰብ የሚሰጠው ትምህርት አንዱ ይኸው ነው።

የፊቅህ ሊቃውንትም በዚህ መንገድ ሄደዋል። በዑስማንያ መንግሥት ዘመን የተዘጋጀው መጀላ የተባለው የሕግ መድብል የዲዳ ሰው የታወቀ ምልክት እንደ አንደበት ንግግር ይቆጠራል የሚለውን መርሕ አስፍሯል። ሲወለድ ዲዳ የሆነውንና በሕመም አንደበቱ የተያዘውን ግን ሊቃውንት ለይተዋቸዋል። በሻፊዒይ መጻሕፍት የነቢዩ የልጅ ልጅ ኡማማ በሕመም መናገር አቅቷቸው ሳለ፣ ለእገሌ ይህን ያህል፣ ለእገሌ ይህን ያህል እየተባሉ ሲጠየቁ በምልክት አዎ ማለታቸውና ይህም እንደ ወሲያ መቆጠሩ ይተረካል። ሐነፊዮች ደግሞ ጠንቀቅ ይላሉ፤ የአንደበቱ መያዝ ረዘም ላለ ጊዜ ካልቆየና ምልክቱ ካልታወቀ በእርሱ አይፈርዱም። ይህን ሲሰማ "ጨካኝ ሕግ ነው" የሚል አይጠፋም፤ እኔ ግን እንደዚያ አላየውም። የፈሩት ሰውየውን ሳይሆን ዘመዶቹን ነው። "አባታችን በጭንቅላቱ አዎ ብሎኛል" ብሎ ቤት የሚወስድ ወንድም በየዘመኑ አለ። አንዱ ወገን የታማሚው ቃል እንዳይቀር ይሠጋል፤ ሌላው ቃሉ እንዳይሰረቅ ይሠጋል። ሁለቱም የሚጠብቁት አንድን አማና ነው።

ደግሞ ሌላ የተለመደ መርሕ አለ፤ ዝም ላለ ሰው ቃል አይለጠፍበትም የሚል። እኛ ስለ ኒካሕ የሰማነውን፣ የልጃገረድ ዝምታ ፈቃዷ ነው የሚለውን ይዘን ለሁሉም ዝምታ እናውለዋለን። የልጃገረዷ ግን መናገር እየቻለች በኀፍረት ዝም ስለምትል የተደነገገ ነው፤ ብትቃወም መቃወም ትችላለች። ዝም ከማለት በቀር ምርጫ የሌለውን ሰው በዚህ መለካት ሚዛን ማዛባት ነው።

"ታዲያ ነገሩ ጨርሶ የማይገባው ታማሚስ?" የሚል አለ። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ቋንቋ መረዳት በእጅጉ የተጎዳበት ሰው አለ፤ ለእርሱ ወኪል ያስፈልገዋል። ይህ ግን በአንድ ቀን፣ በአንድ ጥያቄ፣ አሥር ሰው በሚያወራበት ክፍል ውስጥ የሚወሰን አይደለም። የእነዚህ ሰዎች ችሎታ ጧትና ማታ ይለያያል፤ ድካምና ጫጫታ ያጠፋዋል። ጧት ደስ ብሎት ሳለ ጠይቁት። በሚታወቀው ነገር ጀምሩ፤ ለሚያውቀው ነገር ትክክለኛ መልስ ከሰጠ ለሌላውም ያንኑ ምልክት ተጠቀሙ። ትልቅ ጉዳይ ከሆነ ጥያቄውን ገልብጣችሁ ድገሙት፤ "ይሸጥ?" ካላችሁ በኋላ "ይቅር?" በሉ፤ ለሁለቱም "እሺ" ካለ ገና አልመለሰም ማለት ነው። ሌላ ቀን፣ ጥቅም የሌለው ሰው ባለበት፣ እንደገና ጠይቁ። ጉዳዩ ውርስ ወይም ወሲያ ከሆነ ወደ ሸሪዓ ፍርድ ቤት ይዛችሁ ሂዱ።

በካናዳ ቶሮንቶ ከተማ ፓት አራቶ የተባለች ሴት ባለቤቷ በስትሮክ ንግግሩን ካጣ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1979 እንዲህ ላሉ ሰዎች መገናኛ የሚሆን ማዕከል መሠረተች። ኦራ ካጋን የተባለች የንግግር ሕክምና ባለሞያና ባልደረቦቿ ደግሞ በዚያው ቦታ የሠሩትን ጥናት እ.ኤ.አ. በ2001 አሳተሙ። ያሠለጠኑት ታማሚዎቹን አልነበረም፤ አነጋጋሪዎቹን ነበር። እንዴት እንደሚጠብቁ፣ እንዴት እንደሚጽፉና እንደሚሥሉ፣ እንዴት እንደሚያረጋግጡ፣ ከሁሉ በፊትም ታማሚውን "እንደምታውቅ አውቃለሁ" እንዲሉት አስተማሯቸው። ታማሚዎቹ ምንም ሳይሠለጥኑ ሐሳባቸውን ይበልጥ ማስተላለፍ ቻሉ። እንግዲህ ግማሹ በሽታ በእኛ በኩል ኖሯል ማለት ነው።

የንግግር ሕክምና ራሱም ከንቱ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 ታትሞ የወጣ፣ 57 ጥናቶችን አንድ ላይ ያየ ግምገማ ሕክምናው የታማሚውን የመግባባት ችሎታ እንደሚያሻሽል አግኝቷል። እ.ኤ.አ. በ1973 የአሜሪካ ባለሞያዎች ያወጡት አንድ ዘዴም አለ፤ አጭር ዐረፍተ ነገርን በዜማ እያወጡ፣ በግራ እጅ እየመቱ፣ ቀስ በቀስ ዜማውን ወደ ንግግር መመለስ ነው። (በመንዙማ አገር ይህ አዲስ ነገር አይደለም፤ ስለ መንዙማ ያለው ክርክር ለሌላ ቀን ይቆየን።) መሻሻሉ በመጀመሪያዎቹ ወራት ፈጥኖ ይታያል፤ ከዚያ በኋላ ይዘገያል እንጂ አይቆምም። "ዓመት ሆነው፣ ከእንግዲህ አይሆንም" ማለት ስሕተት ነው። በአገራችን ግን የንግግር ሕክምና ባለሞያዎች ጥቂትና በአብዛኛው በአዲስ አበባ ያሉ ናቸው። የሞጣና የቢቸና ሰው እስኪደርሱለት ከጠበቀ ዕድሜው ያልቃል።

ስለዚህ ሥራው የጀመዓው ነው። በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. የሞጣ መስጊዶች ሲቃጠሉ፣ የሙስሊሞች ሱቆችም ሲዘረፉ፣ ከየአገሩ ማዕዘን ሙስሊሙ እጁን እንደዘረጋ ሁላችንም እናውቃለን። የፈረሰ ግድግዳ ሲታየን ዝም አንልም። ቃሉ የተቃጠለበት ሰው ግን አይታይም፤ ቤት ውስጥ ነውና። በመጀመሪያው ሳምንት ዚያራው ይበዛል። ሃያ ሰው ይገባል፤ ሁሉም ሚስቲቱን "እንዴት ናቸው? ይበላሉ? ይተኛሉ?" ይላታል፤ አንዱም ፊቱን ወደ እሳቸው አዙሮ "እንዴት አደሩ?" አይልም። ከወር በኋላ ማንም አይመጣም። "ምን አወራቸዋለሁ?" ይላል የትናንት ባልንጀራቸው፤ ከበሽታው ይልቅ የዝምታው ነገር ያስፈራዋል።

ሃያው ሰው በአንድ ቀን ከሚመጣ፣ ከጁሙዓ በኋላ ሁለት ሁለት ሆኖ በተራ ቢሄድ ይሻላል። የልጆች ጩኸትና ቴሌቪዥን ይጥፋ። አንድ ሰው ብቻ ይናገር፤ በአጭሩ ይናገር፤ አይጩህ፤ ሰውየው ደንቆሮ አይደለም። ጠይቆ ይጠብቅ። ቃሉን ከአፉ ነጥቆ አይጨርስለት። ወረቀትና እርሳስ ይዞ ስለ በሬ ከሆነ በሬ ይሣል፤ ሥዕሉ ቢያስቅም ይሣቅበት። የቢቸናን የጤፍ ገበያ ወሬ ይንገረው፣ ዋጋውን በቁጥር ጽፎ ያሳየው፤ ነጋዴ የነበረ ሰው በዋጋ ላይ አስተያየት አያጣም። በእድር ጎረቤት የሆኑ ክርስቲያኖችም በዚህ ይገቡበታል፤ የወዳጅነት ዕድሜያቸው ከእኛ የማያንስ አሉና። ወደ መስጊድ መሄድ ከቻለ በሰፉ ውስጥ ቦታው ይጠበቅለት፤ ተክቢራ ማለት ያቃተው ሰው ከአቅሙ በላይ አይጠየቅም፤ ሶላቱ ሶላት ነው። ሰላምታውን በግራ እጁ ቢመልስ "በግራ?" ብሎ የሚያርመው እንዳይገኝ፤ ቀኙ አልታዘዝ ብሎት ነው።

ታማሚዋ እናት ስትሆን ነገሩ ይብሳል። አባት ሲታመም ቢያንስ ስለ ሱቁ ሽማግሌ ይጠራል። እናት ስትታመም ግን የምትወስነው ነገር እንዳልነበረ ይቆጠራል። ሴት ልጇ ስትታጭ ማንም አልጋዋ ድረስ ሄዶ አይጠይቃትም፤ ወርቋ ለማን እንደሚሆን ምራቶቿ እርስ በርሳቸው ይነጋገራሉ፤ ወጥ ቤት ገብታ በግራ እጇ ማንኪያ ስታነሣ "ተይ፣ አንቺ ዕረፊ" ብለው ይወስዱባታል። እትዬ እገሊት ዓርባ ዓመት ያስተዳደረችው ጓዳ ነው። ሴቶቻችን እርስ በርስ የሚጠያየቁበት፣ ቡና የሚያፈሉበት፣ ለዱዓ የሚቀመጡበት ልማድ አላቸው፤ ያ መቀመጫ ወደ እርሷ ቤት ይዛወር፣ በሳምንት አንድ ቀን ይሁን። ፋቲሐ ሲቀራ አብራ ትቀራለች፤ ያ ገመድ አልተበጠሰባትም። ከዚያ በኋላ ቡናው ሲቀዳ ስኒውን ያለ ጥያቄ በእጇ ከማስያዝ ስኳሩንና ጨውን ጎን ለጎን ከፊቷ አቅርበው በየትኛው እንደምትጠጣ ይጠይቋት፤ በጣቷ እስክትጠቁምም ይጠብቋት።

ወላሁ አዕለም።